አንድ ኃይለ ሥላሴ፣ 48 አጻጻፍ

«ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም በኪቦርድ በስንት ዓይነት መንገድ መጻፍ ይቻላል? እንቁጠር። የመጀመሪያው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል፤ ስድስት ምርጫ። «ሥ» በንጉሡ ሠ ወይም በእሳቱ ሰ ይጻፋል፤ ሁለት። የመጨረሻዋ «ሴ»ም እንዲሁ፤ ሁለት። ሲባዛ 24። አንዱ አጣብቆ ሌላው ነጥሎ ስለሚጽፈው ደግሞ 48። ጆሯችን ሁሉንም አንድ አድርጎ ይሰማቸዋል። ዓይናችንም ብዙ አይቸገርም፣ ያው አንብቦ ያልፋል። ኮምፒውተር ግን ካልነገሩት በስተቀር ሀ እና ሐ ለእሱ የ«በ» እና የ«መ»ን ያህል የተራራቁ ናቸው። ዩኒኮድም አያድናችሁም፤ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቁጥር ሰጥቷቸዋል፣ ኖርማላይዜሽን የሚባለው ሕጉም አንድ አያደርጋቸውም።

አሁን የኢሜይል ሳጥናችሁን አስቡ። የሥራ ውል፣ የቤት ኪራይ ስምምነት፣ የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ፣ ውጭ ካለች እህት የመጣ መልእክት፣ ሁሉም እዚያ ነው። እና የምታገኙት ፈልጋችሁ ነው። ፍለጋው አማርኛ የማያውቅ ከሆነ ደብዳቤው አለ ማለት ይከብዳል።

የምለው አንድ ነገር ነው። ኢሜይላችሁን ወደ ራሳችሁ ማሽን አውርዱት፣ የሚፈለግበትን ኢንዴክስም ራሳችሁ ሥሩት። ተርሚናል ላይ፣ በጥቁሩ ስክሪን። ኩል ስለሆነ አይደለም። ጥቁር ስክሪን ላይ አረንጓዴ ጽሑፍ እያስሮጡ ቴሌግራም ላይ የሚለጥፉ ልጆችን እኔም ሰልችቶኛል። ምክንያቴ ሌላ ነው፦ የአማርኛን ጠባይ የሚያውቅ ፍለጋ ሌላ ሰው እስኪሠራልን ብዙ ጠብቀናል፣ ልንሠራው የምንችለው ደግሞ ኢንዴክሱ እጃችን ላይ ሲሆን ብቻ ነው።

ጂሜይል እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2004 ሲወጣ አንድ ጊጋባይት ቦታ በነፃ እሰጣለሁ አለ። ያኔ ብዙ ሰው የአፕሪል ዘ ፉል ቀልድ መስሎት ነበር። ከቦታው በላይ ግን የለወጠን አብሮ የመጣው ምክር ነው፦ ደብዳቤ በፎልደር መደርደር ትታችሁ ፈልጉ። ትውልዳችን ይኼን ምክር ውጦ አደገ። ፎልደር የሚሠራ ሰው ዛሬ የት አለ? ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጥሩ ስምምነት ነበር፤ መደርደሩን ይተዋል፣ በምትኩ ፍለጋው ያገኝለታል። እኛ መደርደሩን ተውን፣ ምትኩን ግን ማንም አላየልንም።

ጓደኛዬ በግሏ ዌብሳይት ትሠራለች። አንድ ድርጅት ሥራውን ከተረከበ በኋላ ሁለተኛውን ክፍያ «እንዲህ አልተባባልንም» ብሎ ያዘባት። መባባላቸውን የሚያሳየው ኢሜይል ሳጥኗ ውስጥ ነበር፣ በአማርኛ የተጻፈ። «ሁለተኛ ክፍያ» ብላ ፈለገች፤ የለም። «ሥራ» አለች፣ «ስራ» አለች፤ ከሦስት ዓመት ወዲህ የተላከላት የሌላ ሰው ደብዳቤ ሁሉ መጣ፣ የሚፈለገው ብቻ ቀረ። በሁለት ሌሊት ወደታች እየሳበች አንድ በአንድ አይታ ነው ያገኘችው። ደብዳቤው «ከሁለተኛው ዙር ክፍያችሁ» ይላል። ቃሉ «ክፍያ» አይደለም እኮ፣ «ክፍያችሁ» ነው። «ሁለተኛ»ም አይደለም፣ «ከሁለተኛው» ነው። አማርኛ እንዲህ ነው፤ ከፊትም ከኋላም ይቀጥላል።

ይኼ በእንግሊዝኛ ከብዙ ጊዜ በፊት የተፈታ ጉዳይ ነው። ስቴመር የሚባል ነገር አለ፣ የቃሉን ጭራ ቆርጦ ግንዱን የሚያስቀር። «ሚቲንግስ» ብላችሁ ብትፈልጉ «ሚቲንግ» ያለበትንም ያመጣል። ለእንግሊዝኛ ጭራውን መቁረጥ ከሞላ ጎደል ይበቃል። ለእኛ ግን በ፣ ለ፣ የ፣ ከ፣ ስለ፣ እንደ፣ ወደ ከፊት ተለጥፈዋል፤ ው፣ ን፣ ም፣ ኦች፣ ኣችን ከኋላ። ጭራ ቆራጩ ገና ራሱን አልነካም።

ወደ ተርሚናሉ ልምጣ። መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ሐሳብ ግሬፕ ነው፦ ፋይሎቹን አውርዶ ቃሉን በቀጥታ መፈለግ። አይሠራም፣ የማይሠራበት ምክንያትም ራሱ ታሪክ ነው። ኢሜይል የተሠራው የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ በሚያልፍበት መስመር ነው። ከዚያ ውጪ ያለ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ተጠቅልሎ ነው የሚላከው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይይዛል። በቤዝ64 ሲጠቀለል እነዚያ 3 ባይቶች 4 የላቲን ምልክት ይሆናሉ። ኮትድ ፕሪንተብል በሚባለው ሌላኛው መጠቅለያ ደግሞ ለአንድ ፊደል 9 ምልክት ይወጣል፤ «ሰላም» ብቻውን 27። ስለዚህ ፋይሉን እንደወረደ ብትከፍቱት የእናታችሁን ደብዳቤ አታውቁትም። ግሬፕም አያውቀውም።

መፍትሔው ጥቅሉን ፈትቶ ቃላቱን የሚመዘግብ ነገር ነው። ከመጽሐፍ ጀርባ እንዳለው የቃላት ማውጫ፦ ይኼ ቃል በዚህ፣ በዚህና በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አለ ይላል። መቶ ሺህ ደብዳቤ ቢኖራችሁ ፍለጋው ደብዳቤዎቹን አይነካም፣ ማውጫውን ብቻ ነው የሚያየው። ፍጥነቱ ከዚያ ነው የሚመጣው፣ አስማት የለውም።

ዕቃዎቹ ነፃ ናቸው። ኤምቢሲንክ ደብዳቤውን በአይማፕ በኩል ያወርደዋል። የሚያስቀምጠው ሜልዲር በሚባለው አደራደር ነው፤ ዳንኤል በርንስታይን በ1990ዎቹ ለኪውሜይል ያወጣው፣ እያንዳንዱ መልእክት የራሱ ፋይል የሚሆንበት። ከዚያ ኖትመች ይመጣል። ካርል ወርዝ እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረው ነው፣ ዛፒያን በሚባል የፍለጋ ላይብረሪ ላይ የተቀመጠ። ኖትመች ስሙ እንደሚለው ብዙም አይሠራም፤ አያወርድም፣ አይልክም። ማውጫ ይሠራል፣ ይፈልጋል፣ መለያ ይለጥፋል፣ በቃ። የደብዳቤውን ጽሑፍ አይነካም። (አንድ ምክር ብቻ፦ ኤምቢሲንክን ስታዘጋጁ ማውረድ ብቻ እንዲያደርግ ንገሩት። ያለዚያ እዚህ ያጠፋችሁት እዚያም ሊጠፋ ይችላል።)

እስከዚህ ድረስ የፈረንጅ ብሎግ ሁሉ የሚነግራችሁ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን አይነግሯችሁም፣ ምክንያቱም አልደረሰባቸውም። ኖትመች ውስጥ ያለው ስቴመር የእንግሊዝኛ ነው፣ ኮዱ ውስጥ በቋሚነት የተጻፈ። ኮከብ ምልክት አድርጋችሁ «ክፍያ» ብሎ የሚጀምረውን ሁሉ አምጣ ማለት ትችላላችሁ፤ «ክፍያችሁ» ይመጣል፣ «ክፍያውን» ይመጣል። ኮከቡ የሚሠራው ግን ከጭራ ነው። «ለክፍያ» አይመጣም፣ «የክፍያው» አይመጣም። ቀኑም እንደዚያው፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ማለት ይቻላል፣ ሰኔ 2012 ስትሉት ግን አይገባውም።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ልዩነቱ ይኼኛውን ማስተካከል መቻላችሁ ነው። የትልልቆቹን ኩባንያዎች ፍለጋ ምንም ልታደርጉት አትችሉም። አስተያየት መስጫ ሳጥን አላቸው፣ ጻፉበት፣ ከዚያ ጠብቁ። እዚህ ግን አንድ ከሰዓት ይበቃል።

ቀላሉ መንገድ ከኖትመች ፊት ትንሽ ስክሪፕት ማቆም ነው። «ፀሐይ» ብላችሁ ስትጽፉ ስክሪፕቱ 12ቱን አጻጻፍ ያወጣል፤ ሁለት ፀ በስድስት ሐ። እያንዳንዱን መስተዋድድ ከፊት ይለጥፋል፣ ከኋላ ኮከብ ያደርጋል፣ ሁሉንም «ወይም» እያለ አያይዞ ለኖትመች ይሰጠዋል። ከላይ የጠራኋቸው ሰባት መስተዋድዶችና ባዶው ተደምረው 8፣ በ12 ሲባዙ 96 ቃል። ሲያዩት ያስቃል። ግን ይሠራል።

የተሻለው መንገድ የራስን ማውጫ መሥራት ነው። ፓይተን ሜልዲርን የሚያነብ ሞጁል አብሮት ይመጣል፣ ጥቅሉን የሚፈታም። ኤስኪውላይት ደግሞ የጽሑፍ ፍለጋ አለው። በመካከላቸው የሚያስፈልገው አንድ ሰንጠረዥ ብቻ ነው፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። አምስት ቤት በሰባት፣ 35 ፊደል። ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ጨምሩበት፣ 37። ይኼ ሰንጠረዥ ወደ ማውጫው የሚገባውን ቃልም፣ እናንተ የምትፈልጉትን ቃልም ያልፍበታል። 48ቱ ኃይለ ሥላሴ ሁለት ይሆናሉ፣ የተጣበቀውና የተነጠለው። 37 መስመር ነው እኮ! ኤሌክትሪክ ምህንድስና የተማረ አማርኛ ተናጋሪ በሞላበት አገር ይቺን 37 መስመር አንድ የውጭ ኩባንያ እንዲጽፍልን መጠበቃችን ያናድደኛል።

አሁን የሚቆጡ አሉ። «ሠረቀ ወጣ ነው፣ ሰረቀ ሰረቀ ነው፣ እንዴት አንድ ታደርጋቸዋለህ?» ልክ ናቸው፣ በግዕዝ ይለያያሉ። ግን ደብዳቤውን ማን ነካው? ጸሐፊው እንደጻፈው በፋይሉ ተቀምጧል፤ የተዋሃደው ማውጫው ውስጥ ብቻ ነው። ፍለጋ አንድ ሁለት ትርፍ ደብዳቤ ቢያመጣ በዓይናችሁ ትዘሉታላችሁ። ያላመጣውን ግን መቅረቱንም አታውቁም። ለፊደላችን ክብር ብለን ደብዳቤያችንን የማናገኝ ከሆነ ክብሩ ለማን ነው?

ሌሎች ደግሞ «ኢሜይል በአማርኛ ማን ይጽፋል፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው» ይላሉ። እስቲ ሳጥናችሁን ክፈቱ። በእንግሊዝኛ ያለው ማስታወቂያና የይለፍ ቃል መቀየሪያ ነው። ክርክር፣ ይቅርታ፣ ገንዘብና ለቅሶ በአማርኛ ነው ያለው። «ኤአይ ይፈታዋል» ለሚሉት አጭር መልስ አለኝ፦ ይፍታው፣ ግን ደብዳቤዬን ሁሉ ለሌላ ሰው ሰርቨር አሳልፌ ልስጥ ማለት ነው። 37 መስመር ይሻለኛል።

አንድ ተገቢ ስጋት አለ፤ ላፕቶፕ ይሰረቃል። ደብዳቤያችሁን አውርዳችሁ ዲስኩን ሳታመሰጥሩ ሚኒባስ ውስጥ ይዛችሁት የምትዞሩ ከሆነ ይኼን ጽሑፍ አልጻፍኩላችሁም። ዲስኩን አመስጥሩ፣ አንድ ቅጂ ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

በሌላ በኩል ሰኔ 2012 ላይ ኢንተርኔት ሲጠፋ ለሦስት ሳምንት ያህል ደመና ላይ ያለ ነገር ሁሉ ለአገር ውስጥ ሰው አልነበረም። በትግራይ ከጥቅምት 2013 በኋላ ከዓመት በላይ። በነዚያ ቀናት የውሉን ቁጥር፣ የሐኪሙን ማዘዣ፣ የውጭ ዘመድን ስልክ ኢሜይሉ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? ዲስክ ላይ ያለ ሜልዲር ኔትወርክ አይጠይቅም። መብራት ቢሄድ እንኳ ባትሪው እስኪያልቅ ትፈልጋላችሁ።

የቀረው ግሡ ነው። «ተስማምተናል»፣ «እንስማማለን»፣ «አልተስማማንም»፣ «ስምምነት» ከአንድ ግንድ መውጣታቸውን የእኔ ሰንጠረዥ አያውቅም፣ ከፊትና ከኋላ ቆርጦ ብቻ የሚደረስበትም አይደለም፤ ቃሉ ከውስጡ ነው የሚለወጠው። ዛፒያን የሚጠቀምበት የስኖቦል ስቴመር ስብስብ የአረብኛም የታሚልኛም አለው፣ የአማርኛ የለውም። የሰዋስው ትምህርት የወሰደ፣ ኮድ መጻፍ የማይፈራ ሰው እያነበበ ከሆነ እሱ ፋይል ባዶ ነው ያለው። እኔ የፊደሉን ሰንጠረዥ አዋጣለሁ።