ጋዙ ይቆይ

መስከረም ጠብቶ አደይ አበባና መጭ ሜዳውን ቢጫ ሲያለብሱት፣ የፍኖተ ሰላም ጓሮዎች ያልተጠራ እንግዳ ይመጣባቸዋል። ከማንጎው ቅርንጫፍ ላይ የንብ መንጋ እንደ ጎፈሬ ተንዠርግጎ ይገኛል። ልጆች ይገባሉ፣ በር ይዘጋል። አንዱ ጎረቤት «ፍሊት» ይላል፤ ሌላው ነጭ ጋዝና ክብሪት ይፈልጋል።

ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ሲሉ ግን ያው መንጋ ሲታይ የሚሰማው ጩኸት «ቀፎ አምጡ!» የሚል ነው። ገበሬው በእበት የተለሰነውን ባዶ ቀፎ በወይራ ጭስ ያጥናል፤ ውስጡን በጠጅ ሣር ያሸዋል። የጠጅ ሣር ሽታ ንቦች ጓዶቻቸውን ለመጥራት ከሚያወጡት ሽታ ጋር የሚቀራረብ ነው። ገበሬው ይህን የሚያውቀው ከአባቱ ነው።

የተንጠለጠለው መንጋ ቤት ፈላጊ ነው። ሰው ልጁን ጎጆ ያወጣል፤ በንብ ቤት ግን ጎጆ የምትወጣው እናት ናት። ቀፎው ሲጠባት አሮጊቷ አውራ ከሠራተኞቹ ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ አስከትላ ትሄዳለች፤ የሞላውን ቤት ለልጇ ትታ። ተጓዦቹ ለመንገድ ማር ጠጥተው ጠግበዋል፤ የሚጠብቁት እጭም ሆነ ጎተራ የላቸውም። ስለዚህ ካልነኳቸው በቀር የመናደፍ ፍላጎታቸው አነስተኛ ነው። ቃኚዎቹ ያገኙትን ቤት አቅጣጫና ርቀት በጭፈራ ይናገራሉ፤ ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ ይህን የጭፈራ ቋንቋ በመፍታቱ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ስምምነት ሲደረስ መንጋው በሰዓታት፣ ቢዘገይ በጥቂት ቀናት ተነሥቶ ይሄዳል። እስከዚያው ልጆችን ማራቅ፣ በቅሎና አህያውን ፈትቶ ሌላ ቦታ ማሰር ይበቃል።

መንጋው በሾላው ወይም በዋርካው ፍልፍል ውስጥ ገብቶ ሰፈፍ ከሠራ ግን ነገሩ ይለወጣል። አሁን ልጅም ማርም አለው፤ የኢትዮጵያ ንብ ደግሞ ቤቱን ሲጠብቅ ቀልድ አያውቅም። አንዷ ስትናደፍ ከመንደፊያዋ የሚወጣው፣ ሙዝ ሙዝ የሚለው ሽታ ሌሎቹን ይጠራል። በቀትር እንጨት ይዞ መነካካት መንደሩን ማስነደፍ ነው። ባለሙያ የሚመጣው አመሻሽ ላይ ነው፤ ፊቱን ሸፍኖ፣ የኩበት ጭስ ይዞ። እጭ ያለበትን ሰፈፍ እየቆረጠ ከቀፎው ፍሬም ጋር ያስራል፤ ዓይኑ ግን የሚፈልገው አውራዋን ነው። እሷ ከገባች ሌላው ይከተላል። ፍልፍሉ ከፍ ያለና ከመተላለፊያ የራቀ ከሆነ ደግሞ ባለበት መተውም ይቻላል።

ገጠሩም ቢሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለም። በሌሊት ችቦ ይዞ ማር ሲቆርጥ መንጋውን የሚያቃጥል አለ፤ አበባ በፈካበት ማሳ ላይ በጠራራ ፀሐይ ኬሚካል የሚረጭም አለ። የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660/2002 ንብን ከግብርና ኬሚካል መጠበቅን ይመለከታል፤ ርጭቱን ወደ ማታ ማዘዋወር ግን አዋጅ የሚያስጠቅስ አልነበረም።

ጉዳዩ ለማር ብቻ የሚታሰብም አይደለም። የምዕራብ ጎጃም ኑግ በራሱ ዱቄተ ዘር በወጉ አያፈራም፤ ከሌላ ተክል የሚያመጣለት ይሻል፤ ዋናዋ አመላላሽ ንብ ናት። ቡሬ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ያለባት ከተማ ናት። የቅባት እህል ይብዛልን እያሉ የኑግን አዋላጅ በጓሮ ማቃጠል እርስ በርሱ ይጣላል።

መፍትሔው ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ቀበሌዎች መንጋ የሚይዙ ንብ አናቢዎችን ስምና ስልክ በር ላይ ቢለጥፉ፣ የግብርና ጽሕፈት ቤቱም በመስከረም ዋዜማ ቢያስታውስ ግማሹ ሥራ አለቀ። የንብ መንጋ ገንዘብ ነው፤ ንብ ማነብ የጀመሩ ወጣቶች ይገዙታል። አንዱ ያቃጠለው ለሌላው የዓመት መነሻው ነበር።

የተጠራው አናቢ መንጋውን ቀፎ ውስጥ አራግፎ ወዲያው አይሄድም። ቀፎውን ከማንጎው ሥር አስቀምጦ ቡና ይጠጣል። ለቅኝት የወጡት እስኪመለሱ ይጠብቃል፤ ጨለም ሲል የቀፎውን አፍ በጨርቅ ሸፍኖ ይሸከመዋል፤ የግቢው ልጆችም በሩ ድረስ ይሸኙታል።