የጣሪያችን ተራ መቼ ይደርሳል?

በቆርቆሮ ጥላ ሥር የሚኖር ቤተሰብ ሁሉ አንድ ቀን ጣሪያውን መቀየሩ አይቀርም። የሚሰወረው ቀኑ ነው፤ ቀኑም ቢሆን ምልክት አለው።

ቆርቆሮን ከዝገት የሚጠብቀው የተለበጠበት ዚንክ ነው። ዚንኩ ቀድሞ የሚያልቀው በሚስማር ቀዳዳ፣ በተቆረጠ ጠርዝ፣ ሁለት ቆርቆሮ በተደራረበበትና የማድቤት ጭስ በሚያገኘው በኩል ነው። ስለዚህ በበጋ፣ በቀትር፣ ኮርኒሱን ከፈት አድርገን ወደ ላይ እንመልከት። ብርሃን የሚያሳየው ሦስት አራት የሚስማር ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ሚስማሩን ከነጎማው መቀየር ይበቃል። ቀይ ዝገት በብዙው ቆርቆሮ ላይ ከተዛመተ ግን በየዓመቱ መለጠፍ ገንዘብ ማባከን ነው። እንጨቱንም በቢላ ጫፍ እንውጋው፤ ቢላው በቀላሉ ከገባ እንጨቱ በስብሷል ወይም ምስጥ በልቶታል፤ የእንጨት ወጪም ይጨመራል ማለት ነው።

ወጪውስ? ብዙ ሰው የሚያሰላው በወለሉ ስፋት ነው። ለምሳሌ 6 በ8 ሜትር የሆነ ቤት ወለሉ 48 ካሬ ነው፤ 2 ሜትር ርዝመትና 80 ሳንቲም ወርድ ባለው ቆርቆሮ ሲካፈል 30 ይወጣል። ነገር ግን ጣሪያ በየጎኑ ግማሽ ሜትር ያህል ከግድግዳው ያልፋል፤ ተዳፋት አለው፤ ቆርቆሮውም እርስ በርሱ ይደረባል። ይህ ሁሉ ሲታሰብ ቁጥሩ ወደ 50 ይጠጋል። ሚስማር፣ አሸንዳና የአናጺ ዋጋ ገና አልተነሣም። ጌጁንም መጠየቅ ይገባል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራል። ባለ 35 ጌጅ ከባለ 28 የሚረክሰው ስለሚሳሳ ነው።

እንግዲህ በወር የአንድ ቆርቆሮ ዋጋ የሚያስቀምጥ ቤት 50 ወር፣ ማለትም ከ4 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። ምልክቱ ከታየ በኋላ መጀመር ብዙ ጊዜ የሚረፍደው ለዚህ ነው። ብር አቅሙ ስለሚቀንስ እቁብ ሲደርሰን ቆርቆሮውን ገዝቶ ማቆየት ይሻላል፤ ግን ደረቅ ቦታ ይሁን፤ ተነባብሮ እርጥበት ከገባው ሳይሰራ ይበላሻል። በሐምሌ ዶፍ ውስጥ የሚገዛ ሰው በተጠራለት ዋጋ ይገዛል፤ የወለድ ብድርም በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ወጣቶች! ይህ የአባትና የእናት ጭንቀት ብቻ አይደለም። በመጪው በጋ የቤታችሁን ቆርቆሮ ቁጠሩ፤ የዛገውን ለይታችሁ ጻፉ፤ ለቤተሰቡም አቅርቡ። ጣሪያ ላይ መውጣት ግን ለአናጺ ይተው፤ የዛገ ቆርቆሮ ሰው አይሸከምም።