ኃያላኑን የሚቆጥራቸው ማን ነው?

ዊኪፔዲያ በተባለው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ውስጥ ስለ ኃያላን መንግሥታት የተጻፈ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ። ከጽሑፉ ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ከኋላው ያለው የክርክር ገጽ ነው። አዘጋጆቹ ለዓመታት ሲሟገቱበት ኖረዋል፤ አንዱ የአንድ አገር ስም ያስገባል፣ ሌላው ይሰርዘዋል። አሜሪካ፣ ቻይና፣ ሩስያ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመንና ጃፓን እምብዛም አያጣሉም። ሕንድስ ትግባ ወይስ ትቆይ? ኢጣልያስ? ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ እኛን የሐይቅንና የአምባሰልን ልጆች ፈገግ ታሰኘናለች፤ ኢጣልያ ታላቅነቷን ልታስመዘግብ የሞከረችው በእኛው ደጃፍ ነበርና።

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄድ ሰው ሐይቅን ካለፈ በኋላ ውጫሌን ያገኛል። በዚያው አካባቢ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ስፍራ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ፒዬትሮ አንቶኔሊ 20 አንቀጽ ያለውን ውል ተፈራረሙ። ስለ አንቀጽ 17 ያልሰማ ተማሪ ስለሌለ አናረዝመውም። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከኤውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል»፤ በኢጣልያንኛው ግን ይኸው ነገር ግዴታ ሆኖ ተገኘ። ይህን ሁላችንም በቃላችን እንወጣዋለን። ብዙ የማንነጋገርበት ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

ኢጣልያ ጥቅምት 1882 ዓ.ም. ላይ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ስትል ለኤውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ይህንንም ያደረገችው በ1877 ዓ.ም. በበርሊን የተፈረመው ስምምነት በ34ኛው አንቀጹ እንደሚያዝዘው ነው። በበርሊኑ ጉባኤ የተቀመጡት 14 መንግሥታት ሲሆኑ ከአፍሪካ አንድም አልነበረም። ሩስያ አልቀበልም አለች፤ እንግሊዝ ተቀበለች። ምኒልክም ዘውድ መጫናቸውን ለንግሥት ቪክቶሪያ ቢጽፉ፣ የመጣው መልስ ጉዳዩ በኢጣልያ መንግሥት በኩል እንደሚሄድ የሚገልጽ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ንጉሠ ነገሥቱ በራሳቸው እጅ ለጻፉት ደብዳቤ መልሱ በሌላ ሰው በር ዞሮ ሲመጣ!

አሁን ወደ መዝገበ ዕውቀቱ እንመለስ። አዘጋጆቹ የሚተዳደሩበት አንድ ሕግ አላቸው። ማንም የራሱን ሐሳብ አይጽፍም፤ የሚጻፈው በታመነ የታተመ ምንጭ የተደገፈው ብቻ ነው። ሕጉ መልካም ነው፤ ያለ እርሱ ገጹ የስድብ አደባባይ ይሆን ነበር። ነገር ግን ያ መዝገበ ዕውቀት በ1882 ዓ.ም. ቢኖር ኖሮ አንድ ቅን አዘጋጅ ስለ ኢትዮጵያ ምን ይጽፍ ነበር? የሮማን ማስታወቂያ፣ የለንደንን መልስ፣ አገራችንን በኢጣልያ ቀለም የቀቡትን ካርታዎች እየጠቀሰ «በኢጣልያ ጥበቃ ሥር ያለች አገር» ብሎ በጻፈ ነበር። ሕጉን አልጣሰም፤ ምንጮቹም የታተሙ ናቸው። በዚያ ወገን የቆመው ማስረጃ ብዙ፣ በዚህ ወገን ያለው ደግሞ ለንደን ውስጥ አንባቢ ያላገኘ አንድ የአማርኛ ወረቀት። ስሕተቱ ሁሉ የተሠራው በሥርዓትና በፊርማ ነበር።

ጓደኞቻችን በዚህ ጊዜ «አድዋ ፈረደዋ!» ይሉናል። ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጦርነቱ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ማግሥት፣ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. ኢጣልያ የኢትዮጵያን ነጻነት በአዲስ አበባ ውል አወቀች። ይህ እውነት ነው፤ እንኮራበታለንም። ግን ዝርዝሩ ተለወጠ ወይ? ታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ እኛን ፈራሚ ሳያደርጉ በአገራችን ላይ ያላቸውን ጥቅም ተከፋፈሉ። በ1912 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር ሲቋቋም የተሸነፈችው ኢጣልያ በምክር ቤቱ ቋሚ ወንበር ከያዙት 4 መንግሥታት አንዷ ሆነች። አሸናፊዋ ግን ደጅ ጠንታ መስከረም 1916 ዓ.ም. ስትገባ፣ ስለ ባሪያ ንግድና ስለ ጦር መሣሪያ ቃል እንድትገባ ተደርጋ ነው። ከ12 ዓመት በኋላ ባለ ቋሚ ወንበሯ አባል አባሏን ወረረች። ሪቻርድ ቦስወርዝ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ላይ ኢጣልያን «ከኃያላን ሁሉ ያነሰችው» ይላታል። ያነሰች ትሁን እንጂ ከዝርዝሩ አልወጣችም። እንግዲህ ዝርዝሩን የሚጽፈው መድፍ ብቻ ነው የሚለው ክርክር በአድዋ ላይ ይሰበራል። ዝርዝሩ የሚጻፈው በጠረጴዛው ዙሪያ አስቀድመው በተቀመጡት ነው።

ይህን ስንል የእኛን ወገን ንጹሕ አድርገን ማቅረብ አንሻም። ምኒልክ በ1883 ዓ.ም. ለኤውሮፓ መንግሥታት በላኩት ደብዳቤ የአገራቸውን ወሰን ሲዘረዝሩ፣ ከሩቅ የመጡ መንግሥታት አፍሪካን ሲከፋፈሉ ዝም ብለው እንደማይመለከቱ አስታውቀዋል። በዚያ ወሰን ውስጥ የተቈጠሩት የደቡብና የምዕራብ ሕዝቦች ተጠይቀው ነበር ወይ? አልተጠየቁም። የኃያላን ቋንቋ ተላላፊ በሽታ ነው፤ እኛም በመኝታ ቤታችን «የአፍሪካ ኃያል ማን ነው፤ እኛ ነን ወይስ ግብፅ?» እያልን እስከ እኩለ ሌሊት ስንጨቃጨቅ ይሰማል።

እኩለ ሌሊቱን ለሌላ ሥራ ብናውለው ይሻል ነበር። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች አሉት፤ የአማርኛው በ10 ሺዎች የሚቈጠር ነው። የአንቀጽ 17ን ሁለት ቃሎች ጎን ለጎን አስቀምጦ የመረመረው ስዊድናዊው ስቬን ሩቤንሰን ሲሆን፣ መጽሐፉም የወጣው በ1964 እ.ኤ.አ. እዚሁ አዲስ አበባ፣ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል በነበረው ዩኒቨርስቲ ነው። ኢጣልያዊው ካርሎ ጂሊዮ ተከራከረው፤ እርሱም መለሰ። ስለ አንዲት የአማርኛ ግሥ የተደረገው ያ ሁሉ ሙግት በእንግሊዝኛ ነበር! የሐይቅ እስጢፋኖስ መነኮሳት እንኳ በ13ኛው መቶ ዘመን በተጻፈው በአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ባዶ ገጾች ላይ የገዳማቸውን ጉዳይ በራሳቸው እጅ ይመዘግቡ ነበር።

ይህች በማባዣ የምትወጣ መጽሔታችን እንደ ታመነ ምንጭ እንደማትቈጠር እናውቃለን። የታተሙ የአማርኛ የታሪክ መጻሕፍት ግን በቤተ መጻሕፍታችን አሉ፤ ገጽና ዓመት ጠቅሶ ከእነርሱ መጻፍ ይቻላል። ስለዚህ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች በመጪው የዕረፍት ጊዜ ሦስት ርእሶች እንዲከፋፈሉ ለማኅበራችን እናሳስባለን፤ የውጫሌ ውል፣ የ1883ቱ ደብዳቤ፣ እንዲሁም «ኃያላን መንግሥታት» የሚለው ራሱ በአማርኛ። ኢጣልያንኛ የሚያነብ ጓደኛ ካለ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ እርሱን እንፈልጋለን።