«እና ምን መድኃኒት አገኘህ?»

ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ለሚመራመር ተማሪ ሁላችንም የምናቀርባት አንዲት ጥያቄ አለች። ሠርግ ላይም፣ ለቅሶ ቤትም ያቺው ናት፦ «እና ምን መድኃኒት አገኘህ?» ጠያቂው ክፉ አስቦ አይደለም። ግን ይቺ ጥያቄ ልጆቹንም እኛንም እየጎዳችን ነው ባይ ነኝ። ትንሽ ይረዝማልና ታገሡኝ።

እኔ የሃይስኩል ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፣ በዲፕሎማ። ተመራማሪ አይደለሁም። ያስተማርኳቸው ልጆች ግን ማስተርስ ደርሰው ይደውሉልኛል፤ ሥራውን የማውቀው ከነሱ ነው።

እኛ አገር የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ማስተርስ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ዕፅዋት ላይ ነው። ሰው ለሆድ ቁርጠት ወይ ለቁስል የሚጠቀምበት ሥር ወይ ቅጠል ይመረጣል። ጥላ ላይ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ሜታኖል ውስጥ ለቀናት ይዘፈዘፋል። ተጣርቶ ሜታኖሉ ሲተን ታች የሚቀረው እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ ጥቁር ነገር ነው። እዚያ ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ውህዶች ተቀላቅለዋል። የልጁ ሥራ ከነዚያ አንዷን ንጹሕ አድርጎ መለየት ነው።

መለያው ሲሊካ ጄል የተሞላ ረጅም የመስታወት ቱቦ ነው። ከላይ ሄክሴን ያፈስበታል፣ ቀስ በቀስ ኢታይል አሲቴት እየጨመረ ይሄዳል፤ ከታች ጠብ ጠብ የሚለውን በብልቃጥ በብልቃጥ ይቀበላል። ከዚያ እያንዳንዱን ብልቃጥ በትንሽ ሰሌዳ ላይ ነጥቦ በአልትራቫዮሌት መብራት ያያል። ሄክሴኑ ካለቀ ይጠብቃል፤ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ በዶላር። ትነት የሚስበው መሣሪያ ከተበላሸ መስኮት ከፍቶ ይሠራል፣ ማታ ራስ ምታቱን ይዞ ዶርም ይገባል።

ከአንድ ኪሎ ዱቄት መጨረሻ ላይ የሚተርፈው ጥቂት ሚሊግራም ሊሆን ይችላል። እሷ ደግሞ የኤንኤምአር ማሽን ወረፋ ትጠብቃለች። ውጤቱ ሲመጣ... ቤታ ሲቶስቴሮል። በቃ። በየተክሉ ያለ፣ ድሮ የታወቀ ነገር። አንድ ልጅ ይሄው ደርሶበት «ቲቸር፣ 8 ወር ለፍቼ ምግብ ዘይት ውስጥ ያለውን ነገር አገኘሁ» አለኝ። እሱ ግን አንገቱን ያስደፋው ውጤቱ አይደለም። ቤት ሲሄድ ያቺኑ ጥያቄ ጠይቀውት የሚመልሰው ማጣቱ ነው።

ልጁ እኮ ሥራውን ሠርቷል! ያ ተክል ውስጥ ምን እንዳለ በማስረጃ አሳይቷል። ቀጥሎ የሚመጣው ከዚያ ይነሳል።

መድኃኒትም ቢሆን የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ብዙ ሙከራ ከሸፈባቸው በኋላ ሙቀቱ ነው ኃይሉን የሚያጠፋው ብላ ጠርጥራ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ተክሉን በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር አወጣችው። የወባው አርቴሚሲኒን የመጣው ከዚያ ነው። ኖቤሉ በ2015 መጣ።

የኛን እንዶድ እንይ። ዶ/ር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የምታስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድል ተክል ተገኘ። ገዳዩ ውህድ ተለይቶ የታወቀው ግን አሜሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ በእሳቸው ስም ለማቶክሲን ተባለ። የጫቱ ካቲኖንም በ1970ዎቹ አጋማሽ የተለየው በተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ነው። ተክሉ የኛ፣ መለየቱ የሌላ። ዛሬ ቱቦው ሥር ቆሞ ጠብታ የሚቆጥረው ልጅ ይሄን የመለየት ሥራ እዚሁ እየሠራልን ነው።

ጥያቄዋ እኛን የምትጎዳው ደግሞ እንዲህ ነው። መድኃኒት አምጣ የተባለ ልጅ ከሠራው በላይ ለመጻፍ ይፈተናል። ሳህን ላይ ያለ ባክቴሪያ አስቆመ ማለት ሰው ሆድ ውስጥ ይሠራል ማለት አይደለም። ግን አንዱ ይሰማና «በዩኒቨርሲቲ የተረጋገጠ» ብሎ በቲክቶክ ይሸጠዋል። ኮሶ እንኳ፣ ስንት ዘመን የምናውቀው ኮሶ፣ መጠኑ ሲያልፍ ዓይን እንደሚጎዳ በሐኪሞች ተመዝግቧል። ውስጡ ምን እንዳለ፣ ስንት እንዳለ ሳይታወቅ መጠጣት ቀልድ አይደለም።

«በሕዝብ ገንዘብ እየተማሩ ለምን አንጠይቅም?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ እንጠይቅ። ግን «ውስጡ ምን አገኘህ? እንዴት አረጋገጥክ?» እንበል። ዩኒቨርሲቲዎችም የታወቀ ውህድ በሐቅ ያቀረበን ተማሪ አያሳፍሩት፤ መመረቂያ ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚጠጣ ማንም ፈልጎ እንዲያገኘው ያድርጉ፤ ከሁሉ በፊት ትነት መሳቢያውን ያስጠግኑ። እኛ መምህራን ደግሞ ስም ብቻ ከማስሸምደድ አንድ ቀን የእስክሪብቶ ቀለም በማጣሪያ ወረቀትና በአልኮል ለይተን እናሳይ። ላብ ባይኖርም ይሠራል።

ቤታችሁ እንዲህ ዓይነት ልጅ ካለ በሁለተኛው መንገድ ጠይቁትና እዩ። መልሱ ረጅም ነው፣ ቡና አፍሉ። ላብ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ምን እየለያችሁ እንደሆነ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ።