ለዘፋኙ ፊት አንድ መብራት

አዝማሪ ቤት ገብቶ ፍላሽ የሚያበራ ፎቶ አንሺ ሁለት ጥፋት ያጠፋል። ማሲንቆ የሚመታውን ሰው ዐይን ያጭበረብራል፤ ሊያነሣው የመጣውን ምሽትም ያጠፋዋል። ቀዩ አምፖል፣ ከባንኮኒው ጀርባ የሚመጣው ብርሃን፣ በተመልካቹ ትከሻ መሐል የሚሾልከው ጭላንጭል፣ ሁሉም በአንድ ብልጭታ ይሄዱና ለመታወቂያ የተነሣ የሚመስል የደነገጠ ፊት ብቻ ይቀራል። እኔ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ እያነሣሁ የምተዳደር ፎቶ አንሺ ነኝ። በሌላው ቀን ማታ ማታ ካሜራዬን ይዤ ሙዚቃ ወዳለበት እሄዳለሁ። ይህን ክርክር ከሙያ ጓደኞቼም ከቤት ባለቤቶችም ጋር ብዙ ጊዜ ገጥሜዋለሁ። ዛሬ ወደ ጋዜጣ ያመጣሁት ነገሩ የአንድ ፎቶ አንሺ የሥራ ምቾት ጉዳይ ስላልሆነ ነው። የከተማችን የምሽት ሙዚቃ ድምፁ በሸክላና በካሴት ተርፏል። ምሽቱ ራሱ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ ግን በጣም ጥቂት ነው ያለን፤ ዛሬም ብዙ እያስቀረን አይደለም።

የድሮውን እንውሰድ። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ገደማ አምሃ ሬከርድስን አቋቁሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላ አሳተመ። ዓለማየሁ እሸቴን፣ ማህሙድ አህመድን፣ ሙላቱ አስታጥቄን በዚያ ስም በወጡ ሸክላዎች ሰምተናል። ቆይቶ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ በተሰኘው ተከታታይ ሲዲ ያንኑ ድምፅ ለዓለም አዳረሰው። እሱው ያዘጋጀው አቢሲኒ ስዊንግ የተባለ የፎቶ መጽሐፍም አለ፤ የክብር ዘበኛን፣ የፖሊስን፣ የማዘጋጃ ቤትን ኦርኬስትራዎች እዚያ ታገኛላችሁ። ያን መጽሐፍ ስገልጥ ጎልተው የሚታዩኝ ደንብ ልብሳቸውን ለብሰው፣ መሣሪያቸውን ታቅፈው፣ በረድፍ ለካሜራ የቆሙ ሰዎች ናቸው። የሸክላ ሽፋኖቹም ላይ ያሉት ፊቶች በአብዛኛው ስቱዲዮ ገብተው፣ ፀጉር አበጥረው የተነሡ ናቸው። እጅግ እወዳቸዋለሁ። ላብ ግን የለባቸውም። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ሳክስፎን የሚነፋው ሰው ሸሚዝ ከጀርባው ጋር እንዴት እንደተጣበቀ፣ ዘፋኙ ለከበሮ መቺው በዐይኑ ምን እንዳለው አልተረፈልንም።

የዚያ ዘመን ፎቶ አንሺዎች በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ ፊልሙ ነው። በብዛት ይገኝ የነበረው ፈጣን ፊልም ለብርሃን ያለው ንቃት (አይኤስኦ) 400 ነበር። ደብዛዛ ቤት ውስጥ በዚያ ፊልም ለማንሣት ሌንሱን በሰፊው ከፍተውም ቢሆን ሹተሩን የሰከንድ አንድ ስምንተኛ ያህል ክፍት ማቆየት ሊያስፈልግ ይችላል። በዚያች ቅጽበት ዘፋኝ ራሱን ያዞራል፣ ማይኩን ያነሣል፣ ፊቱም ፎቶው ላይ ይደበዝዛል። ስለዚህ ምርጫው ብዙ ጊዜ ወይ ፍላሽ ወይ ስቱዲዮ ነበር። ዛሬ መካከለኛ የሚባል ካሜራ 6400 አይኤስኦ ላይ ለጋዜጣ የሚበቃ ፎቶ ይሰጣል። ከ400 እስከ 6400 አሥራ ስድስት እጥፍ ነው፤ ያ የሰከንድ አንድ ስምንተኛ በዚያው ብርሃን የሰከንድ 1/125 ይሆናል ማለት ነው። በ1/125 የዘፋኝ ፊት ጥርት ብሎ ይወጣል። ሌንሱም ውድ መሆን የለበትም። ካነንም ኒከንም እስከ 1.8 የሚከፈት ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ አላቸው፤ ከሚሸጧቸው ሌንሶች ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። ፎቶው ትንሽ አሸዋ አሸዋ ይላል፤ ይበል። ሙዚቃው ራሱ የጠራ ስቱዲዮ ውስጥ አይደለም ያለው።

እንግዲህ መሣሪያው ደርሷል። የቀረው ልማዳችን ነው።

ጨለማ ውስጥ ማንሣት ጆሮ ይፈልጋል። አዝማሪ አንድ ጠረጴዛ መርጦ ግጥም ሲያወርድ ተመልከቱት። እጁ አያርፍም፤ የማሲንቆው ደጋን ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፣ እሱም ከወንበር ወንበር ይዞራል። በዚህ ጊዜ ቁልፍ መጫን ከንቱ ነው። ግጥሙን ሊያሳርፍ ሲል ግን ደጋኑ ይዘገያል፤ የመጨረሻዋን ቃል ጥሎ የነካውን ሰው ፊት ለፊት እያየ ለአንድ አፍታ ቀጥ ይላል። ወርቁ ለአድማጭ እስኪገባው ድረስ ያለችው ያቺ አፍታ የፎቶ አንሺ ናት። ሹተሩ 1/60 ቢሆን እንኳ ይበቃል። ሳቁ ሲፈነዳ ጠብቆ የሚጫን ሰው የተመልካቹን ጥርስ ያገኛል፤ የአዝማሪውን ዐይን ግን አምልጦታል። ካሜራ የያዘ እንግዳ ያየ አዝማሪ ስለ ካሜራው ግጥም ማውጣቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ካሜራውን አውርዶ መሳቅ፣ ግንባሩ ላይ ብር መለጠፍ የቤቱ ወግ ነው።

እስክስታ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። ብዙ ጀማሪዎች ውዝዋዜ ፈጣን ስለሆነ ሹተሩን 1/500 ላይ ያደርጉና ፎቶው ጨልሞ፣ ትከሻው እንደ ደረቀ ሆኖ ይወጣባቸዋል። ጥሩ ተወዛዋዥን በቅርብ ያየ ግን ያውቃል፦ ትከሻና ደረት ሲንቀጠቀጡ ራስ ብዙ ጊዜ ከቦታው አይነቃነቅም። አንገት ነው ሁለቱን የሚለያቸው። ስለዚህ ሹተሩን ወደ 1/60 አውርዱና ትከሻው እንቅስቃሴ ላይ ሲደርስ ተጫኑ። ፊቱ ከነፈገግታው ይቆማል፣ ትከሻውና ጥበቡ ይሟሟሉ። ይህን ያደረገው ጨለማው ነው፤ ብርሃን በበዛበት አዳራሽ በዚህ ሹተር ለማንሣት ማንም አያስብም ነበር።

ስለ ፊት ቀለምም መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም በየማኅበራዊ ገጹ የሚለጠፉት የኮንሰርት ፎቶዎች የገዛ ሰዎቻችንን ፊት አበላሽተው ሳይ ያመኛል። ካሜራ ፊት አያውቅም፤ ያየውን ሁሉ አማካይ አድርጎ ይገምታል። ቤቱ ጥቁር ከሆነ ብርሃን ይጨምርና መብራት ያረፈበትን ግንባር ያቃጥለዋል። ተጫዋቹ ነጭ ጥበብ ከለበሰ ደግሞ በነጩ ተታሎ ይቀንስና ጠይሙን ፊት ጥላ ያደርገዋል። መለካት ያለበት ጉንጩ ላይ ነው፤ በእጅ ማስተካከልን የተማረ ይህን በአንድ ምሽት ይለምደዋል። ከፎቶ ታሪክ የሚመጣ ሸክምም አለብን። ኮዳክ ለማጠቢያ ቤቶች በሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ላይ ለአሥርት ዓመታት ትታይ የነበረችው ነጭ ቆዳ ያላት ሴት ነበረች፤ ካርዱም ሸርሊ በሚል ስም ይጠራ ነበር። ፊልሙም ማተሚያውም ለእሷ ጉንጭ ተለክቶ ለእኛ ደረሰ። ዛሬ ካሜራው ቁጥሩን በእጃችን እንድናስተካክል ይፈቅድልናልና ለራሳችን ፊት እንለካ።

አሁን ወደ ዋናው አቤቱታዬ ልምጣ፣ እሱም ለቤት ባለቤቶች ነው።

ጨለማውን አልቃወምም። የምቃወመው በቢጫ አምፖሎቹ ፋንታ በየመድረኩ የተሰቀሉትን ሰማያዊና ወይን ጠጅ ኤልኢዲዎች ነው። ሰማያዊ ኤልኢዲ ብቻውን ፊት ላይ ሲያርፍ ካሜራው ከሦስቱ የቀለም መስመሮቹ አንዱን ብቻ ይሞላል፤ ሁለቱ ባዶ ይቀራሉ። ሽፋሽፍት፣ የአፍ ዳር፣ የጉንጭ አጥንት፣ ፊትን ፊት የሚያሰኘው ሁሉ ይጠፋና ሰማያዊ ጭምብል ይተርፋል። ቤት ሄዶ በኮምፒዩተር የሚመለስ ነገር አይደለም። ብዙዎቻችን ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ የምንለውጠው ጥበብ ፈልገን ሳይሆን መውጫ አጥተን ነው። በዚያ ላይ ርካሾቹ ኤልኢዲዎች ይርገበገባሉ። የመብራታችን ኃይል 50 ኸርዝ ስለሆነ ከእሱ ጋር የሚሄድ መብራት በሰከንድ መቶ ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ዐይን አያየውም፣ ካሜራ ግን ያየዋል። ድምፅ የሌለውን ኤሌክትሮኒክ ሹተር ከተጠቀማችሁ በዘፋኙ ፊት ላይ ጥቁር ሰንበር ተጋድሞ ታገኙታላችሁ። ወደ ሜካኒካል ሹተሩ ተመልሶ 1/50 ወይም 1/100 ላይ ማንሣት ብዙ ጊዜ ያድናል።

የምለምነው ትንሽ ነው። ሰማያዊውን ከበስተጀርባ መጋረጃው ላይ ተዉት፤ እዚያ ያምራል። ለዘፋኙ ፊት ግን አንድ ሞቅ ያለ ነጭ መብራት ስጡ፣ ከጎን፣ ከራሱ ትንሽ ከፍ ብሎ። ከአናቱ በላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ መብራት ዐይኑን ጉድጓድ ውስጥ ይከተዋል። ርቀቱንም አስቡበት፦ ከሁለት ሜትር የሚያበራውን አምፖል ወደ አራት ሜትር ብታርቁት ፊቱ ላይ የሚደርሰው ብርሃን በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። አዲስ መብራት ሳይገዙ፣ ያለውን በማስጠጋት ብቻ የሚገኝ ብዙ ብርሃን አለ። ይህ ደግሞ ለፎቶ ብቻ አይደለም። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰውም ለገንዘቡ የሚሰማውን ሰው ፊት ማየት ይገባዋል።

ባለቤቶች የሚሰጡኝን መልስ አውቀዋለሁ፤ ደንበኛ የሚመጣው ለጨለማው ነው፣ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ እንዲታወቅ አይፈልግም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። አዝማሪ ቤት ገብቶ ሌንሱን ወደ ጠረጴዛዎች የሚያዞር ፎቶ አንሺ መባረር አለበት እላለሁ። ይሁን እንጂ ብዙ ቤቶች ራሳቸው ቀጥረው የሚያስነሡት ምንድን ነው? የተሰለፉ ጠርሙሶች፣ የስፖንሰር ባነር፣ ለክብር እንግዳ የተያዘ ጠረጴዛ። ባንዱ ከኋላ ደብዝዞ ይታያል። እኔ የምጠይቀው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ሌንሱ መድረኩ ላይ፣ አዳራሹ እንደ ጨለመ።

በውጭው ዓለም በትልልቅ ኮንሰርቶች ፎቶ አንሺ ያለ ፍላሽ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዘፈኖች ብቻ አንሥቶ ይውጣ የሚል ደንብ የተለመደ ነው። አንዳንድ አዘጋጆች እኛም ጋ ሊያስገቡት ይሻሉ። ያለ ፍላሽ የሚለውን እቀበላለሁ፤ ሦስት ዘፈን የሚለው ግን ለእኛ ምሽት አይሆንም። እኛ ዘንድ ሙዚቃ ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው። መጀመሪያ ላይ ተጫዋቹም ተመልካቹም ይተያያሉ። ትዝታው ከወጣ፣ ጥያቄ በወረቀት መምጣት ከጀመረ፣ አንዱ ተነሥቶ ሽልማት ከሰጠ በኋላ ነው ፊት የሚከፈተው። በዚያ ሰዓት ፎቶ አንሺ ውጭ ከሆነ ምሽቱን አላየም። የሚሻለው ሌላ ስምምነት ነው፦ ሳውንድ ቼክ ላይ አስገቡን፣ የመብራቱን ቦታ እንይ፣ ከባንዱ ጋር እንተዋወቅ፤ እኛም ጥቁር ለብሰን፣ ጥግ ይዘን፣ የማንንም ዕይታ ሳንጋርድ እስከ መጨረሻው እንቁም።

ችኮላዬ ከምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው የሙዚቃ ቤት ጃዛምባ ጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ወደመ። ካዛንቺስ ሲፈርስ የተወዛዋዡ የመላኩ በላይ ቤት ፈንድቃ ለዓመታት ከኖረበት ግቢ ተነሣ። ሁለቱም ቤቶች አንድ ትውልድ ሙዚቃ የሰማባቸው፣ ወጣት ተጫዋቾች ከአንጋፋዎች ጋር መድረክ የተካፈሉባቸው ናቸው። መላኩ መወዛወዙን ቀጥሏል፤ ሙዚቀኛ ሌላ መድረክ ያገኛል። ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ ተመልካችና ተጫዋች ጉልበት ለጉልበት የሚነካኩበት ጥበት ግን በሌላ አዳራሽ አይደገምም። የዛሬዎቹ ቤቶችም ነገ የት እንደሚሆኑ ማንም ዋስትና አልሰጠንም። ለዚህ ነው ዛሬ ማታ በደንብ ይነሡ የምለው።

ጋዜጦችም ድርሻ አላችሁ። ስለ አንድ ዘፋኝ ስትጽፉ ከአልበም ሽፋን የተቆረጠ ፎቶ አታትሙ፤ ማታ ሰው ላኩ፣ ለፎቶውም ክፈሉ፣ የፎቶ አንሺውንም ስም ከሥር ጻፉ። የሙያ ጓደኞቼን ደግሞ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ፎቶው ላይ ያለውን ሰው ሁሉ ስም መዝግቡ፤ የዘፋኙን ብቻ አይደለም፣ የባዝ ጊታሩን፣ የኪቦርዱን፣ ከኋላ ጥግ ያለውን ከበሮ መቺ ጭምር። ቀኑንና ቤቱንም ጨምሩበት። በድሮ የኦርኬስትራ ፎቶዎች ላይ ስማቸው ያልተጻፈ ስንት ፊቶች አሉ፤ ዛሬ ማንን እንጠይቅ? እኔ ስም የምጠይቀው ባንዱ ገመድ እየጠቀለለ፣ መሣሪያውን ወደ ሳጥን እየመለሰ ባለበት ሰዓት ነው። ያኔ ሁሉም ፋታ አለው፤ ፊደሉን እንኳ ሳይቀር ቆሞ ያርምላችኋል።