እንቅርት የአንገት ነገር ብቻ አይደለም



«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ስንል ችግር በችግር ላይ ተደረበ ማለታችን ነው። ዛሬ የምናነሣው ግን ተረቱን ሳይሆን ራሱን እንቅርቱን ነው።

አንገታችን ላይ፣ ከማንቁርት በታች፣ ታይሮይድ የሚባል ቢራቢሮ የሚመስል ትንሽ ዕጢ አለ። የሚያመነጨው ሆርሞን የልብን ምት፣ የሰውነትን ሙቀትና የምግብን መፈጨት ይቆጣጠራል። ሆርሞኑ የሚሠራው ደግሞ ከአዮዲን ነው። እንቅርት ሌላም ምክንያት ቢኖረው፣ በአገራችን ዋናው ይኸው የአዮዲን እጥረት ነው።

ሆርሞኑ ሲያንስ ሰው ይደክመዋል፤ ይወፍራል፤ ቆዳውና ሆዱ ይደርቃል፤ ብርድ ብርድ ይለዋል። በአዲጋላ ሙቀት ጋቢ የምትደርብ እናት ብናይ «ሰነፈች» ብለን አንማት፤ ታማ ይሆናል። ሲበዛ ደግሞ እየበሉ መክሳት፣ የልብ መምታት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብና እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። እኛ ግን ላቡን በበረሃው፣ የልቡን ምት በጫቱ፣ ብስጭቱን በጂኒ እናሳብባለን። ሁለቱም እኮ በደም ምርመራ ይታወቃሉ፤ ሕክምናም አላቸው።

ከሁሉ የሚከፋው በነፍሰ ጡር ላይ ሲደርስ ነው። አዮዲን በጣም ያጣ ፅንስ አእምሮው በሚገባ አያድግም፤ ይህ ጉዳት ደግሞ ኋላ በመድኃኒት አይመለስም።

በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው ያዛል። ታዲያ ደንቡ ብቻውን ምን ያደርጋል? አዮዲን በፀሐይና በእርጥበት ይባክናል። ማዳበሪያው ተከፍቶ ደጅ ሲንቃቃ ውሎ በኩባያ የሚሰፈር ጨው፣ አዮዲን ቢኖረውም እየቀነሰ ይሄዳል።

ስለዚህ፦
— አዮዲን ያለው መሆኑ የተጻፈበትን የታሸገ ጨው እንግዛ፤ ክዳን ባለው ዕቃ እናስቀምጠው።
— ጨው ወጡ ከበሰለ በኋላ ይጨመር። መጠኑን ግን አናብዛ፤ ብዙ ጨው ለደም ግፊት ይዳርጋል።
— ምልክቱ ያለበት ሰው፣ በተለይም ነፍሰ ጡር፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ወደ ድሬዳዋ ሂድ ከተባለም መንገዱን አይፍራ።
— መድኃኒት የጀመረ «ተሻለኝ» ብሎ በራሱ አያቋርጥ።

ባለሱቆቻችንም ጨዉን ከፀሐይ አንሡልን። ወጪ የለውም፤ የሚያድነው ግን የልጆቻችንን አእምሮ ነው።