ከሰማይ የሚነሣው ፎቶግራፍ ለገበሬው ማስረጃ ይሁን

ከተማ እንዳያድግ የሚመኝ ገበሬ የለም። የምርቱ ገበያ፣ የልጁ ከፍተኛ ትምህርት ቤትና የሕመምተኛው ሐኪም የሚገኙት በከተማ ነውና። ይሁን እንጂ ከተማ በአየር ላይ አያድግም። የአዲስ አበባ ሕዝብ በ1976 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ 1.4 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ግን 2.7 ሚሊዮን ደርሶ ተገኝቷል። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ መኖሪያ፣ መንገድና የሥራ ቦታ እንዲሆን ከተወሰደው መሬት አያሌው ቀድሞ ጤፍ፣ ስንዴና ሽምብራ ይዘራበት፣ ከብትም ይሰማራበት የነበረ ነው።

በሰሜን በኩል የእንጦጦ ተራራ ስለሚያግደው ከተማው በይበልጥ የተስፋፋው ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ነው። በጀሞ፣ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳና በኮዬ ፈጬ የቆሙት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለዚህ ምስክር ናቸው። በ2006 ዓ.ም. ይፋ የሆነው አዲስ አበባንና ዙሪያዋን የሚመለከተው የተቀናጀ ማስተር ፕላን ብርቱ ተቃውሞ አስነሥቶ፣ የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. መሰረዙም የሚዘነጋ አይደለም። ገበሬው ስለ መሬቱ የሚመከረውን ከሁሉ በመጨረሻ የሚሰማ ከሆነ፣ ጉዳቱ ለገበሬውም ለከተሜውም እንደሚተርፍ ከዚህ የበለጠ አስረጂ አያሻም።

እንግዲህ ጥያቄው የከተማውን መምጣት ገበሬው አስቀድሞ የሚያውቅበት፣ የነበረውንም በማስረጃ የሚያሳይበት መንገድ አለ ወይ የሚል ነው። አለ።

በሐምሌ 1964 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ላንድሳት የተባለች ሳተላይት ወደ ኅዋ ተወነጨፈች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ተከታዮቿ ምድርን ፎቶግራፍ ሲያነሡ ኖረዋል። አንዲት ላንድሳት ወደ አንድ ቦታ በየ16 ቀኑ ትመለሳለች። የተነሡት ፎቶግራፎች ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ለማንም ሰው ያለ ክፍያ የሚሰጡ ሆነዋል። የአውሮፓ አገሮችም በ2007 ዓ.ም. ሴንቲኔል 2 የተባለውን አምጥቀዋል። ኢትዮጵያም በበኩሏ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ከቻይና ምድር አስወንጭፋለች።

አሠራሩ ለገበሬ እንግዳ አይደለም። ሳተላይቱ የሚያነበው ከመሬት ተመልሶ የሚወጣውን ብርሃን ነው። የለመለመ አዝመራ፣ የታረሰ መረሬ፣ የቆርቆሮ ጣሪያና አስፋልት እያንዳንዳቸው ብርሃንን የሚመልሱበት መንገድ የተለያየ በመሆኑ በመልካቸው ይለያሉ። ፎቶግራፉ ከጥቃቅን አራት ማዕዘኖች የተገጣጠመ ሲሆን፣ የላንድሳት አንዱ አራት ማዕዘን 30 ሜትር በ30 ሜትር፣ የሴንቲኔል ደግሞ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። አንድ ጥማድ መሬት ሩብ ሄክታር ነው ብንል፣ በላንድሳት ወደ 3፣ በሴንቲኔል ግን 25 ያህል አራት ማዕዘኖች ይይዛል ማለት ነው። የአንድ ዓመት ጥቅምትና የሌላ ዓመት ጥቅምት ጎን ለጎን ሲታዩ፣ አዝመራው የት ላይ በጣሪያ እንደ ተተካ ይለያል። በሌሊት የተሠራ የጨረቃ ቤት ከሹም ዓይን ቢሰወር እንኳ፣ ቤቶቹ ተደርድረው መንደር ሲሆኑ ከላይ ከሚያየው ዓይን አይሰወሩም።

የመስፋፋቱም አካሄድ ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ መንገድ ይወጣል፤ ቀጥሎ በመንገዱ ግራና ቀኝ ጣሪያዎች ይደረደራሉ፤ ከዚያም በመካከሉ የቀረው ማሳ ይዋጣል። የወል ግጦሽ መሬት በአንድ ገበሬ ስም ያልተመዘገበ በመሆኑ ተከራካሪ ሳያገኝ በቀላሉ ይሸራረፋል። ይህን ሂደት በሥዕል የተከታተለ ማኅበር ከተማው ከድንበሩ ሳይደርስ ይመክራል።

ይሁንና ፎቶግራፉ ሁሉን አያውቅም። በክረምት ደመና ይጋርደዋል። በበጋ ደግሞ የተገለበጠ ማሳና ለግንባታ የተጠረገ ቦታ ሊመሳሰሉበት ይችላሉ። ማሳው መዘራቱን ቢያሳይም የዘራው ማን እንደሆነ፣ ስንት ኩንታል እንደ ተገኘ አይናገርም። ይህን የሚናገረው የማኅበሩ መዝገብ ነው። መዝገብ ያለ ሥዕል ሊካድ ይችላል፤ ሥዕልም ያለ መዝገብ ባለቤት የለውም። ሁለቱ ሲደጋገፉ ግን ክርክሩ ይቀላል።

ይህም በካሳ ላይ ምን ያህል እንደሚመዝን እንመልከት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161፣ ይዞታውን በቋሚነት ለሚለቅና ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ለማያገኝ የገጠር ባለይዞታ፣ ከመነሣቱ በፊት በነበሩት 3 ዓመታት ካገኘው ውስጥ ከፍተኛው የዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ የልማት ተነሺ ካሳ እንዲሰጠው ደንግጎ ነበር። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ስለ ተሻሻለ፣ በሥራ ላይ ያለውን ድንጋጌ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ጠይቆ መረዳት ያስፈልጋል። ያም ሆነ ይህ፣ በ15 የሚባዛው ገቢ የአንድ ዓመቱ ምርት ሲጓደል ኪሳራውም በ15 እንደሚባዛ ማስተዋል ይገባል።

ስለዚህ በከተማ ዙሪያ ያሉ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ከወዲሁ ሊያከናውኗቸው የሚገቡ ተግባሮች አሉ። አንደኛ፣ የቀበሌያቸውን ክልል የሚያሳዩ፣ በአንድ ወር የተነሡ የተለያዩ ዓመታት ፎቶግራፎች እንዲወጡላቸው የወረዳውን የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ነው። ሁለተኛ፣ ሥዕሉን ይዘው ከሽማግሌዎችና ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጋር ድንበሩን በእግር መዞርና ያዩትን በቃለ ጉባኤ ማስፈር ነው። ሦስተኛ፣ የእያንዳንዱን ቤተሰብ ማሳ፣ የዘራውንና ያገኘውን ምርት በየመኸሩ መመዝገብ ነው። በባልና በሚስት ስም የተያዘው ይዞታ በሁለቱም ስም መስፈሩን፣ የሴት አባወራዎችም ማሳ አለመዘለሉን ማረጋገጥ የዚሁ ሥራ ክፍል ነው። የወል ግጦሹም ልኩና ተጠቃሚዎቹ ሊጻፉ ይገባል።

ሥዕሉ ለማንም እንደማያዳላም መታወቅ አለበት። የወል መሬት በድብቅ ተቸርችሮ ከሆነ ያንንም ያሳያል። ንጹሕ መሪ ይህን አይፈራም፤ እንዲያውም ፎቶግራፉ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት እንዲዘረጋ የመጀመሪያው ጠያቂ እርሱ ይሆናል።

ማሳው ከታረሰ ይልቅ ከተገነባ በኋላ የሚፈለግ ማስረጃ ዋጋው ውድ፣ ጊዜውም ያለፈበት ነው። የልኬት ቡድኑ ገመዱን ይዞ ሲመጣ መዝገብ ፍለጋ ከመሯሯጥ፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የዘንድሮው አዝመራ ከማሳ ሳይነሣ ሥራውን መጀመር ይገባል።